«ስቶካስቲክ» ከ«ዘፈቀደ» ጋር አንድ ነው?

የተጠየቀው ይህ ነው፦ «ለጤና ጥናት መረጃ ሰብሳቢዎች የሚሰጥ የሥልጠና መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ ነው። ‹ራንደም› የሚለውንም ‹ስቶካስቲክ› የሚለውንም ‹ዘፈቀደ› ብዬ ጻፍኩ። ያረመችልኝ ባለሙያ ሁለቱም ላይ በቀይ አስምራ መለሰችው። ቃላቱ ይለያያሉ ወይ? ስቶካስቲክስ ከየት የመጣ ቃል ነው? ምን ብዬ ልጻፈው?»

በአጭሩ፣ በሒሳቡ በኩል ሁለቱ ቃላት የሚለያዩት ከትርጉም ይልቅ በልማድ ነው። ራንደም ብዙ ጊዜ ለአንድ ነጠላ ነገር ይነገራል፤ ለአንድ ቁጥር፣ ለአንድ ናሙና፣ ለአንድ ተለዋዋጭ (ዋጋው እየተለያየ ለሚመጣ መጠን)። ስቶካስቲክ ደግሞ ለሂደት፣ ለሞዴል ወይም ለአንድ ሙሉ ስልት። «ራንደም ሂደት» ቢሉም «ስቶካስቲክ ሂደት» ቢሉም የሒሳብ ሰው የሚረዳው ያንኑ ነው። ስለዚህ አራሚዎ ያሰመሩበት ሁለቱን አንድ ስላደረጉ አይመስለኝም። የቆረቆራቸው «ዘፈቀደ» ነው፤ እኔም የእሳቸው ወገን ነኝ። ምክንያቱን ኋላ እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ አመጣጡን ልጨርስ፣ ክርክሩን ግማሽ ያህል የሚፈታው እሱ ነውና።

በጥንታዊ ግሪክኛ «ስቶኮስ» ዒላማ ነው፤ ቀስተኛ ወይም ጦር ወርዋሪ አነጣጥሮ የሚመታው ነገር። ከእሱ የወጣው ግስ «ስቶካዜስታይ» ማነጣጠር፣ እያደርም መገመት ማለት ሆነ። «ስቶካስቲኮስ» እንግዲህ ማነጣጠር የሚያውቅበት፣ ግምቱ ብዙ ጊዜ የማይስት ሰው ነው። ቃሉ ስለ ሰው ችሎታ እንጂ ስለ ነገሮች መዘበራረቅ አንዳች አይናገርም። አሪስቶትል በሥነ ምግባር ትምህርቱ በጎነት መካከለኛውን የምታነጣጥር ናት ሲል የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። ፕላቶ ግን ለነቀፋ አውሎታል፤ ሶቅራጥስ ከአንደበተ ርቱዑ ጎርጊያስ ጋር ሲከራከር፣ የንግግር ጥበብ የሚባለው ዕውቀት ሳይሆን በግምት የተካነች ደፋር ነፍስ የምትሠራው ሥራ ነው ይለዋል።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ኋላ የመጡ የግሪክ ፈላስፎችና ሐኪሞች ቃሉን የተጠቀሙበት መንገድ ነው። ሕክምናንና መርከብ መምራትን «ስቶካስቲክ ጥበቦች» አሏቸው። አናጢ ልኩን ጠብቆ ከሠራ በሩ ይገጥማል፤ ካልገጠመ ያጠፋው አናጢው ነው። ሐኪም ግን ማድረግ የሚገባውን ሁሉ አድርጎ በሽተኛው ሊሞትበት ይችላል፤ መርከበኛም መንገዱን ጠንቅቆ እያወቀ ማዕበል ሊያሰጥመው ይችላል። ስለዚህ እነዚህን ሰዎች በአንድ ቀን ውጤት መመዘን ግፍ ነው፤ የሚመዘኑት ባነጣጠሩበት መንገድ ነው። የእያንዳንዱ ጊዜ ውጤት እርግጠኛ አይደለም፤ አሠራሩ ግን ሥርዓት አለው። የዛሬው ስታቲስቲክስ በዚህ ቃል የሚለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ራንደም የተወለደው በተቃራኒው ወገን ነው። ከድሮ ፈረንሳይኛ «ራንዶን» ከሚል ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መጣደፍ፣ በጭፍን መጋለብ ነበር። በእንግሊዝኛም ለረጅም ዘመን ያለ ዓላማ፣ ያለ አቅጣጫ ማለት ሆኖ ኖረ። አንዱ ቃል ከሚያነጣጥር፣ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ከሚጋልብ ሰው ተነስተው ስታቲስቲክስ ውስጥ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ቃሉን ወደ ሒሳብ ያስገባው የስዊዘርላንዱ ያኮብ በርኑሊ ነው። የባዝል ከተማ ሰው ነበር፤ በ1705 (ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሲሞት «የመገመት ጥበብ» የሚል ርዕስ ያለው የላቲን መጽሐፉ አላለቀም ነበር። መጽሐፉ በ1713 ታትሞ ሲወጣ አራተኛው ክፍል ላይ ይህ ጥበብ በግሪክኛ «ስቶካስቲኬ» እንደሚባል ይገልጻል፤ ሥራውም የነገሮችን የመሆን ዕድል በተቻለ መጠን በትክክል ለክቶ፣ በፍርዳችንና በተግባራችን የተሻለውንና አስተማማኙን እንድንመርጥ መርዳት ነው ይላል። መለካት የሚለው ላይ ዓይንዎን ይጣሉ። ግሪኮቹ ጥሩ ግምት የልምድና የተሰጥዖ ውጤት ነው ብለው አቁመው ነበር፤ በርኑሊ ግን ግምትም በቁጥር ይለካል አለ።

ይህን ባዶ ቃል አድርጎም አልተወውም። አንድ ዕቃ ውስጥ 3,000 ነጭና 2,000 ጥቁር ጠጠር አለ እንበል፤ እርስዎ ግን ስንት ስንት እንደሆነ አያውቁም። እያወጡ፣ እያዩ፣ መልሰው እየከተቱ ይቆጥራሉ። ያገኙት የነጭ ድርሻ ከእውነተኛው 30/50 ብዙ ሳይርቅ በ29/50 እና በ31/50 መካከል እንዲያርፍ፣ ያም የማረፉ ነገር ካለማረፉ 1,000 ጊዜ የበለጠ እንዲሆን ስንት ጊዜ ማውጣት ያስፈልጋል? በርኑሊ 25,550 ጊዜ የሚል መልስ ሰጠ። ቁጥሩ ዛሬ በምናውቀው ሒሳብ ከሚያስፈልገው በላይ የተጋነነ ነው። ቢሆንም ስንት ቤት ላንኳኳ ብሎ የሚጠይቅ የናሙና መጠን ሒሳብ ሁሉ አያቱ ይህ ነው፤ የእርስዎ መመሪያም ውስጥ ይህ ምዕራፍ እንደማይጠፋ እገምታለሁ።

ከዚያ በኋላ ቃሉ 200 ዓመት ያህል ተኛ። ሁሉም ሰው «የዕድል ስሌት» እያለ ሲጽፍ ስቶካስቲኬ በበርኑሊ መጽሐፍ ውስጥ ተረስቶ ቀረ። የቀሰቀሰው ላዲስላውስ ቦርትኪዬቪች ነው፤ በሴንት ፒተርስበርግ ተወልዶ በርሊን ያስተምር የነበረ ስታቲስቲሺያን። በ1917 ባሳተመው መጽሐፍ በዕድል ሒሳብ ላይ ተመሥርቶ በብዙ ቁጥር የሚታዩ ነገሮችን የሚመረምረውን ዘርፍ፣ በርኑሊን ጠቅሶ፣ «ስቶካስቲክ» አለው። መጽሐፉ የተጻፈበት ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ካርል ማርቤ የሚባል ጀርመናዊ ፕሮፌሰር የልደት መዝገቦችን አገላብጦ፣ ወንድ ወንድ ወይም ሴት ሴት እየተከታተለ ሲወለድ ሰልፉ እጅግ እንዳይረዝም ተፈጥሮ ራሷ ታመጣጥናለች ይል ነበር። በእኛም ሰፈር አራት ወንድ የወለደችን እናት «አምስተኛዋስ ሴት ናት» የማይላት የለም። ቦርትኪዬቪች እንዲህ ያለ ማመጣጠን አያስፈልግም፣ መዝገቡ ውስጥ ያሉት ሰልፎች የዕድል ሒሳብ ከሚጠብቀው ጋር ይስማማሉ ብሎ ተከራከረ። ሳንቲም ወስደው ይሞክሩት፤ 100 ጊዜ ሲወረውሩ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ዘውድ በተከታታይ፣ ካልሆነም ጎፈር በተከታታይ የማየት ዕድልዎ 80 በመቶ ገደማ ነው። ሳይወረውሩ ከራሳቸው ፈጥረው እንዲጽፉ የታዘዙ ተማሪዎች ግን ስድስት ተከታታይ ለመጻፍ እጃቸው አይታዘዝላቸውም፤ በዚህ ነው የሚያዙት።

የቦርትኪዬቪችን ሌላ ሥራ ሳላነሳ አላልፍም፤ ስቶካስቲክ ምን ማለት እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም። በ1898 ባወጣው መጽሐፉ በፕሩሲያ ጦር ውስጥ በፈረስ ርግጫ የሞቱ ወታደሮችን ቆጠረ። ከ1875 እስከ 1894 ያለው የ20 ዓመት መዝገብ ነበረው። በጣም የሚታወቀው የ10 ኮሮች (ትልልቅ የጦር ክፍሎች) ቆጠራ ነው፤ 10 ኮር በ20 ዓመት 200 የመዝገብ መስመር ይሆናል፣ በጠቅላላው የሞቱት 122 ናቸው፣ ለአንድ ኮር በዓመት በአማካይ 0.61 ሰው። ከ200ው መስመር 109ኙ ላይ ማንም አልሞተም። 65ቱ ላይ አንድ ሰው፣ 22ቱ ላይ ሁለት፣ 3ቱ ላይ ሦስት፣ አንዱ ላይ አራት ሰው ሞቷል።

አሁን መዝገቡን ዝጉና አማካዩን 0.61 ብቻ ይዛችሁ ወደ ፑዋሶን ቀመር ሂዱ፤ ከአማካዩ ብቻ ተነስቶ ብርቅ ነገር ስንት ስንት ጊዜ እንደሚያጋጥም የሚያሰላ ቀመር ነው። ቀመሩ ስለ ፈረስ የሚያውቀው ነገር የለም። የሚሰጠው መልስ ግን 109፣ 66፣ 20፣ 4፣ 1 ነው። የትኛው ፈረስ የትኛውን ወታደር በየትኛው ቀን እንደሚረግጥ ማንም ሊናገር አይችልም፤ እያንዳንዱ ሞት የየራሱ ምክንያት አለው፤ አንዱ ልጓም ሲያጠብቅ፣ ሌላው በጨለማ ጋጣ ሲገባ። ጠቅላላው ሲታይ ግን የመዝገቡ ቁጥር ከቀመሩ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። አራት ሰው የሞተበትን ዓመት ያየ አዛዥ «ይህ ኮር ምን ነክቶታል?» ብሎ ኮሚቴ ሊያቋቁም ይችል ነበር፤ ቀመሩ ደግሞ በ200 መስመር ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ክፉ ዓመት የሚጠበቅ ነው ይለዋል።

ከቦርትኪዬቪች በኋላ ቃሉ ፈጥኖ ተስፋፋ። በ1930ዎቹ የሞስኮ ሊቃውንት ብዙ ሥራቸውን በጀርመንኛ ያሳትሙ ስለነበር የጀርመንኛውን አጠራር ይዘው ቀጠሉ። ኮልሞጎሮቭ በ1931፣ ኪንቺን በ1934 ባወጧቸው ጽሑፎች ስቶካስቲክ የሚለው በጊዜ ውስጥ የሚጓዙ፣ በዕድል ሕግ የሚመሩ ሂደቶች መጠሪያ ሆነ። በአሜሪካ የሒሳብ ሊቁ ጆሴፍ ዱብ ቃሉን በእንግሊዝኛ አስለመደው፤ በ1953 ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ርዕስም ይኸው ነው። ዱብ ኋላ ያስታወሰው አንድ ጨዋታ አለ። እሱና ሌላው የሒሳብ ሊቅ ዊልያም ፌለር በአንድ ሰሞን መጽሐፍ እየጻፉ ሳለ ዋጋው በዕድል የሚወሰነውን ተለዋዋጭ ምን እንበለው በሚል ተጨቃጨቁ። ፌለር ሁሉም «ራንደም ተለዋዋጭ» ነው የሚለው አለ፤ ዱብ ደግሞ የለም፣ ሁሉም የሚለው «ቻንስ (የዕድል) ተለዋዋጭ» ነው አለ። በሁለቱ መጽሐፎች ሁለት ስም መጠቀም ስለማይሆን ጉዳዩን በስቶካስቲክ ዘዴ ጨረስነው ይላል፤ ሳንቲም ወረወሩና ፌለር አሸነፈ። ዛሬ የዓለም ተማሪ ሁሉ ራንደም ተለዋዋጭ ሲል የዚያች ሳንቲም ዕዳ አለበት።

አመጣጡን እዚህ ላይ ልተወውና ወደ ትርጉሙ ልምጣ። አንድን ነገር ስቶካስቲክ ነው ስንል ምን እያልን ነው? ዕቁብ እንውሰድ። 20 ሰው በየሳምንቱ ይጥላል፣ በየሳምንቱ አንድ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሰው ሰው ስሙ ከዕጣው ይወጣል። ዕቁቡ ከመጀመሩ በፊት በአምስተኛው ሳምንት ሊደርስዎ ያለው ዕድል ከ20 አንድ ነው፤ በአሥራ ሰባተኛውም ያው ከ20 አንድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ካልደረስዎ ግን ለሁለተኛው ከ19 አንድ ይሆናል፤ እንዲህ እያለ አስቀድሞ ያልደረሰው ሰው በመጨረሻው ሳምንት እርግጠኛ ይሆናል። ማን መቼ እንደሚወስድ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ማን ማን ውስጥ እንዳለ፣ የእያንዳንዱ ዕድል ስንት እንደሆነ፣ የዛሬው ዕጣ የነገውን ዕድል እንዴት እንደሚለውጠው ነው። እነዚህ ሦስቱ ከታወቁ ስቶካስቲክ ሂደት በእጅዎ አለ ማለት ነው። አንዱ ሳምንት ብቻውን ሲታይ ራንደም ነው፤ ሃያው ሳምንት እንደ አንድ ሰንሰለት ሲታይ ስቶካስቲክ ሂደት ነው። በአፍ ልማድ ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

ብዙ ዕቁብ ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያው ለሰብሳቢው ይሰጣል። ያ ሳምንት ስቶካስቲክ አይደለም፤ ውጤቱ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው፤ የሙያው ሰዎች ዲተርሚኒስቲክ የሚሉት። 10,000 ብር በዓመት 7 በመቶ ወለድ ቢያስቀምጡ ዓመቱ ሲሞላ 10,700 እንደሚሆነው ማለት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሰብሳቢው «እገሌ ለቅሶ ገጥሞታል፣ እሱ ይውሰድ» ካለም፣ ደግነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ይህ ሳምንት ስቶካስቲክም ዲተርሚኒስቲክም ብሎ ለመጥራት ያስቸግራል። የሰብሳቢው ፈቃድ ነው። እንግዲህ በትክክለኛው አማርኛ «ዘፈቀደ» ማለት ይህ ሦስተኛው ነው።

ቃሉን ገልጠው ይዩት። ግዕዝ ነው፤ «ዘ» የሚለው «የ» ነው፣ «ፈቀደ» ወደደ፣ ፈለገ። የወደደውን፣ ያሻውን። «በዘፈቀደ ይሠራል» ስንል ደንብ የለውም፣ ደስ እንዳለው ነው ማለታችን ነው። ጋዜጣና የሕግ ጽሑፍ «የዘፈቀደ እስር» ሲል ያለ ሕግ፣ በባለሥልጣን ፍላጎት ብቻ የተደረገ እስር ማለቱ ነው። በስታቲስቲክስ ራንደም የምንለው ደግሞ የማንም ፈቃድ የሌለበትን ነው። ናሙና በዕጣ የምናወጣበት ምክንያት የሰብሳቢው፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ የተመራማሪውም ፍላጎት ምርጫው ውስጥ እጁን እንዳያስገባ ነው። ስለዚህ ቃሉ የሚለውና እኛ የምንፈልገው ፊትና ጀርባ ናቸው። በዩኒቨርሲቲ አካባቢ «የዘፈቀደ ናሙና» ለምዶ ስለቆየ ባለሙያ ለባለሙያ ሲጽፍ ይግባባል፤ እዚያ ላይ ጦር አልሰብቅም። የእርስዎ አንባቢ ግን ባለሙያ አይደለም። ተምሮ የተቀጠረ፣ ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚሄድ፣ ማታ ፎርም ቆጥሮ የሚያስረክብ ወጣት ነው።

ያ ወጣት «በዘፈቀደ 10 ቤት ይምረጡ» የሚል ካነበበ አማርኛው እንደሚለው ያደርጋል፤ ደስ ያለውን 10 ቤት ይመርጣል። መኪናው ካቆመበት አጠገብ ያሉትን፣ ውሻ የሌላቸውን፣ በራቸው ክፍት የሆነውን፣ ቡና የተፈላበትን። ዳገቱ ላይ ያለችው፣ ልጇን ክትባት ልታስከትብ ጤና ጣቢያ ድረስ ግማሽ ቀን የምትሄደው እናት ናሙናው ውስጥ አትገባም። ከዚያ የክትባት ሽፋን ከፍ ብሎ ይታያል። ወጣቱ አልዋሸም፣ መመሪያውን ነው የፈጸመው።

ይህን ለመከላከል የተፈለሰፈ የታወቀ ዘዴ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ሽፋን ለመለካት ለብዙ ዓመታት ያስፋፋው አሠራር 30 ቦታ መርጦ በእያንዳንዱ 7 ሕፃናትን፣ በድምሩ 210 ማየት ነበር። ቦታው ላይ ሲደርሱ ከመንደሩ መሃል ቆመው ጠርሙስ ወይም እስክሪብቶ ያሽከረክራሉ፤ ጫፉ ወደጠቆመበት እስከ መንደሩ ዳር ያሉትን ቤቶች ቆጥረው መነሻውን ከእነሱ በዕጣ ያወጣሉ፤ ከዚያ በቅርብ ወዳለው ቤት፣ ቀጥሎም በቅርብ ወዳለው። አቅጣጫው የማንም ፈቃድ ስለሌለበት ጥሩ ይመስላል። ችግሩ መሃል ያለ ቤት የመውጣት ዕድሉ ዳር ካለው ቤት መብለጡ ነው፤ ምን ያህል እንደሚበልጥም ለማወቅ የመንደሩን ካርታ ይጠይቃል። ማንም አላዳላም፤ ዕድሎቹ ግን አይታወቁም፣ ያልታወቀ ዕድል ደግሞ አይሰላም። ድርጅቱ በ2018 ባወጣው አዲስ መመሪያ እያንዳንዱ ቤት የታወቀ ዕድል የሚኖረው አወጣጥ እንዲተካ መክሯል። መመሪያዎ ውስጥ አሁንም እስክሪብቶ ማሽከርከር ካለ ከትርጉሙ በፊት ይህን ለአሠሪዎችዎ ይንገሯቸው።

ዕጣም ቢሆን ስሙ ብቻ አያድንም። አሜሪካ በቬትናም ጦርነት ጊዜ ወጣቶችን ለውትድርና የጠራችበትን ዕጣ ይመልከቱ። ታኅሣሥ 1 ቀን 1969 በእነሱ አቆጣጠር፣ የዓመቱ 366 የልደት ቀኖች በሰማያዊ የፕላስቲክ እንክብል ተደርገው ዋሽንግተን ውስጥ በቴሌቪዥን እየታየ በእጅ ወጡ። መጀመሪያ የወጣው ሴፕቴምበር 14 ነበር፤ በዚያ ቀን የተወለደ ሁሉ ቁጥር 1 ሆነ። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ቀድሞ ይዘምታል። አንድ ወር ከሌላው የማይለይ ከሆነ የእያንዳንዱ ወር አማካይ ቁጥር 183.5 አካባቢ መሆን አለበት። የጃንዋሪ ልጆች አማካይ 201 ሆነ፤ የዲሴምበር ልጆች 121.5። ከግማሽ ዓመት ወዲህ ያሉት ወሮች በአብዛኛው ዝቅ ዝቅ ብለው ወጡ። ምክንያቱ ሲጣራ ማንም ተንኮል አልሠራም፤ እንክብሎቹ በወር በወር ተራ ሳጥኑ ውስጥ ገቡ፣ ሳጥኑ ተነቀነቀ፣ ግን በቂ አልነበረም። ኋላ የገቡት ላይ ቀሩ፣ ቀድመው ተለቀሙ። በማግስቱ ዓመት ዕጣ በሁለት በርሜል፣ ቀኑ ለብቻ ቁጥሩ ለብቻ፣ ከዚያም በፊት በራንደም ቁጥር ሠንጠረዥ ተዘበራርቆ ወጣ። መጠየቅ ያለበት «ዕጣ ነበር ወይ?» ብቻ አይደለም፤ እንክብሎቹ እንዴት ገቡ፣ እንዴት ተቀላቀሉ፣ ማን አወጣ።

የእኛም ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ አዲስ አበባ ከ25 ሺህ በላይ ኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጥቶ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ፤ የከተማው አስተዳደር ያቀረበው ምክንያት በመረጃው ላይ ማጭበርበር ተገኝቷል የሚል ነበር። ዝርዝሩ ከተበላሸ ከዝርዝሩ የሚወጣው ዕጣ የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን አይረዳም። በናሙና ሥራም ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ቁጥር አወጣጡ ላይ ሳይሆን የቤቶቹ ዝርዝር ላይ ነው፤ የተከራይ ቤት ሳይመዘገብ፣ የፈረሰ ቤት ሳይሰረዝ።

አሁን ቃሉን የሚሰሙት ብዙዎች ግን ከናሙና ጋር አገናኝተው አይደለም፣ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር ነው። በ2021 የቋንቋ ተመራማሪዋ ኤሚሊ ቤንደር፣ አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩና ባልደረቦቻቸው ጽሑፍ የሚያመነጩትን ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች «ስቶካስቲክ በቀቀኖች» አሏቸው። በቀቀኑን ሁሉም ያነሳል፤ የዘነጉት ስቶካስቲክ የሚለውን ነው። ማሽኑ ቀጣዩን ቃል ዝም ብሎ አይደግምም፤ ለሚቻሉት ቃላት ሁሉ ዕድል ሰጥቶ ከእነሱ አንዱን በዕጣ ያወጣል ማለት ነው። ያንኑ ጥያቄ ሁለቴ ጠይቀው ሁለት መልስ የሚያገኙት ለዚህ ነው። ሐሳቡ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ አንድሬይ ማርኮቭ በ1913 የባለቅኔውን የፑሽኪንን የግጥም ልብ ወለድ «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» የመጀመሪያ 20,000 ፊደላት በእጁ ቆጠረ። 8,638ቱ አናባቢ ነበሩ፣ 43 በመቶ። ከአናባቢ በኋላ ሌላ አናባቢ የመጣው ግን 12.8 በመቶ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከተነባቢ በኋላ 66.3 በመቶ። የዛሬው ፊደል የነገውን ዕድል ይለውጠዋል፤ ከዕቁቡ ጋር አንድ ነው። በእኛ ፊደል ይህን ቆጠራ ለመድገም መጀመሪያ እያንዳንዱን ሆሄ ወደ ተነባቢና አናባቢ መበተን ያስፈልጋል፤ የሚሞክረው ተማሪ ቢገኝ ውጤቱን ለማየት እጓጓለሁ።

ወደ መመሪያው ልመለስ። «ራንደም ናሙና» ያለበትን ሁሉ «በዕጣ የተመረጠ ናሙና» ይበሉት። ዕጣ ዕድሜ ጠገብ ቃል ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሱም በይሁዳ ምትክ ማትያስ በዕጣ ተመረጠ ይላል፣ ዕቁብተኛውም በየሳምንቱ ያወጣዋል። ሰው ሲሰማው ዝርዝር፣ መቀላቀልና ዓይን መጨፈን ይታየዋል፤ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። ትእዛዙንም በስም ብቻ አይተዉት፦ «በዝርዝሩ ላይ ላሉት ቤቶች ቁጥር ይስጡ። ስልኩ በዕጣ ያወጣውን ቁጥር ወደያዘው ቤት ይሂዱ። ቤቱ ተዘግቶ ቢያገኙት ጎረቤቱን አይተኩ፤ በሌላ ሰዓት ተመልሰው ይምጡ።» ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከንቱ ናቸው፤ በቀን በር ዘግቶ የሚውለው ቤት በሩ ክፍት ከሆነው ይለያልና።

ስቶካስቲክ የሚለውን አይተርጉሙት። ስቶካስቲክ ብለው ይጻፉና መጀመሪያ የመጣበት ቦታ ላይ «የእያንዳንዱ ጊዜ ውጤቱ አስቀድሞ የማይታወቅ፣ ውጤቶቹና የየአንዳንዳቸው ዕድል ግን የሚታወቅ ወይም የሚገመት» ብለው አንድ ጊዜ ያብራሩት።

የጤና መመሪያ ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ በተለይ ይጠንቀቁ። የራጅና የጨረር ምዕራፍ ካለው «ስቶካስቲክ ጉዳት» የሚል ያገኛሉ። እዚያ ቃሉ የተቆረጠ ትርጉም አለው። ጨረር ቆዳን ሲያቀላ ወይም የዓይን ሞራ ሲያመጣ የተወሰነ መጠን ካላለፈ አይታይም፤ ካለፈ በኋላ መጠኑ በጨመረ ቁጥር ጉዳቱ ይከፋል። ስቶካስቲክ የሚባለው፣ በዋናነት ካንሰር፣ በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ መጠኑ ሲጨምር የሚጨምረው የመያዝ ዕድሉ ነው እንጂ የበሽታው ክፋት አይደለም፤ ለጥንቃቄ ሲባልም ከዚህ በታች ዕድሉ ዜሮ ነው የሚባል መጠን የለም ተብሎ ይታሰባል። እዚያ ላይ «መጠኑ ሲጨምር የመከሰት ዕድሉ የሚጨምር ጉዳት» ብለው ይጻፉት፤ ረዘም ይበል። «የዘፈቀደ ጉዳት» ብለው ቢተዉት ግን የራጅ ክፍሉ ሠራተኛ አለቃው ደስ እንዳለው የሚያደርስበት ጉዳት መስሎት አቤቱታ ሊያስገባ ይችላል።